አርባ ሜትር ሽቦ

ሰዓዳ የቁጣ ሰው አልነበረችም። ይህን ኮልፌ ውስጥ የሚያውቋት ሁሉ ይመሰክሩላታል። ነገር ሲከፋት ዝም ትላለች፣ ሥራዋ ላይ ትበረታለች፣ ሲያልፍላት ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ትሆናለች። ባሏ ሰይፈዲን ይህን ጠባይዋን ስለሚያውቅ አሥር ዓመት ሙሉ ተዝናንቶ ኖሯል። በስልሳ አራት ዓመተ ምሕረት ሐምሌ ላይ የሆነው ነገር እሱንም ጎረቤቱንም ያስደነገጠው ለዚህ ነው።

ሰይፈዲን አናጺ ነው። ከቤታቸው ጓሮ በቆርቆሮ የተከለለች የእንጨት ሥራ ቤት አለችው። አልጋ፣ ቁም ሳጥን፣ ቡፌ ይሠራል። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ጣሊያናዊ አናጺ ዕቃውን ሸጦ ወደ አገሩ ሲመለስ የኤሌክትሪክ መጋዙን ገዛው፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ቀኑን ሙሉ የሚፈጅበት ሥራ የቀትሩ ሶላት፣ ዙሁር፣ ሳይደርስ ያልቅለት ጀመር። ሰዓዳ ደግሞ ፊት ለፊት ባለው ክፍል ልብስ ትተኩሳለች። መርካቶ አጠገብ ያለ አንድ ትልቅ ቤርጎ አንሶላውንና የጠረጴዛ ልብሱን የሚልከው ለእሷ ነው። በከሰል ካውያ ነበር የጀመረችው። ፍም እየዘለለ ሁለት አንሶላ ካቃጠለባት በኋላ ግን የኤሌክትሪክ ካውያ ገዛች።

ችግሩ ቤቱ ያለው መስመር አንድ ብቻ መሆኑ ነው። ከመንገዱ ምሰሶ የሚመጣው መብራት በረንዳው ላይ ባለው ቆጣሪ ይገባል፤ ከቆጣሪው ሥር ባለች ጣውላ ላይ አንድ እጀታና ሁለት የሸክላ ፊውዞች አሉ፤ ከዚያ በኋላ ያቺው አንድ መስመር በጭቃው ግድግዳ ውስጥ ለውስጥ፣ በመኝታ ቤቱ በኩል ዞራ፣ እስከ ጓሮ ትዘልቃለች። ያዘረጋት የሰይፈዲን አባት ነበር፤ ለሦስት አምፖልና ለአንድ ራዲዮ ብሎ። መጋዙ ሲነሳ አምፖሉ ይቀላል። መጋዝና ካውያ አብረው ከሠሩ ፊውዙ ይቃጠላል። ስለዚህ ሰይፈዲን ከጓሮ «ላስነሳ ነው» ብሎ ይጣራል፣ ሰዓዳ ካውያዋን ነቅላ ትጠብቃለች። ሲጨርስ መናገር የሚረሳበት ቀን ብዙ ነው። እሷ ቆማ ስትጠብቅ ውኃ የተረጨው አንሶላ ይደርቃል፣ እንደገና ትረጨዋለች።

ኅዳር ላይ ጋሽ መኳንንት መጥተው ቤቱን አይተውት ነበር። ጋሽ መኳንንት በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ናቸው፤ ሠፈር ውስጥ መብራት የሚያስቸግረው ሁሉ እሳቸውን ነው የሚጠራው። ጣውላዋን ፈትተው፣ አንደኛውን ሸክላ ነቅለው ውስጡን ለሰዓዳ አሳዩዋት። እንደ ፀጉር የቀጠነች ሽቦ ናት ያለችው።

«ይቺ የምትገባው እንድትቀልጥ ተብሎ ነው» አሏት። «መስመሩ ከአቅሙ በላይ ሲጫንበት እሷ ትቀልጣለች፣ ቤቱ ይተርፋል። ተናደሽ አትስደቢያት፣ ባለውለታሽ ናት። መጋዙ ግን የራሱ መስመር ያስፈልገዋል። ካውያውም እንደዚያው። ወፍራም ሽቦ፣ ከቆጣሪው ተነስቶ በውጭ በኩል በጣሪያው ጠርዝ የሚሄድ፣ የየራሱ ፊውዝ ያለው። ቆጣሪው ይችላል፤ የማይችለው ይሄ ግድግዳ ውስጥ ያለው አሮጌ ሽቦ ነው።»

ሰዓዳ ታኅሣሥ ላይ ልብስ ተኩሳ ባገኘችው ገንዘብ አርባ ሜትር ወፍራም ሽቦ ገዛች። በሲሚንቶ ወረቀት ጠቅልላ ከአልጋው ሥር አስቀመጠችውና ለሰይፈዲን «ጋሽ መኳንንትን ጥራቸው» አለችው። «አረፋ ይለፍ» አላት። አረፋ አለፈ። «መውሊድ ይለፍ» አላት። መውሊድም አለፈ። ከዚያ ደግሞ ክረምቱ ገባና «ዝናብ ላይ መሰላል አይወጣም» አለ። ሰዓዳ እንደ ልማዷ ዝም አለች።

ሐምሌ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ታዲያ ያልተጠበቀ ነገር ሆነ። ፊውዙ መቃጠል አቆመ። መጋዙ እየጮኸ እሷም ትተኩሳለች፤ ምንም የለም። አምፖሉ ትንሽ ይቀላል እንጂ አይጠፋም። ሰይፈዲንን «ምን አድርገህ ነው?» ብትለው «አስተካከልኩት» አላት። በዚያ ሳምንት የሁለት ሳምንት ሥራ ሠራች። ሰይፈዲንም በጥድፊያ ላይ ነበር፤ አንድ ሻምበል ወደ ሐረር ተዛውሮ ስለሚሄድ አልጋና ቁም ሳጥን አዝዞታል፤ ቅዳሜ በጭነት መኪና ሊወስድ ቀጠሮ ይዟል።

ረቡዕ ጠዋት ሰዓዳ ልጇን ራህማን ልትቀሰቅስ መኝታ ቤት ገባች። ራህማ ስድስት ዓመቷ ነው። ልጅቱ ነቅታለች፤ በጀርባዋ ተንጋላ ሁለት እግሮቿን ግድግዳው ላይ ለጥፋለች።

«እግርሽን አውርጂ፣ ግድግዳውን ታቆሽሺዋለሽ» አለቻት።

«እየሞቅኩ ነው» አለች ራህማ።

«ምኑን?»

«ግድግዳውን። አባዬ መጋዝ ሲሠራ ይሞቃል። ሲተው ይበርዳል።»

ሰዓዳ እጇን ዘርግታ መዳፏን ግድግዳው ላይ አሳረፈች። ገና ከምድጃ እንደወጣ ዳቦ ይሞቃል። ወደ ጎን ብታደርገው ቀዝቃዛ ነው። ወደ ላይ ስትሄድበት ሙቀቱ ቀጥ ብሎ እንደ መንገድ ይመራታል፤ ከልጅቱ ትራስ አጠገብ ተነስቶ እስከ ኮርኒሱ ድረስ። ከጓሮ መጋዙ ይጮሃል። ሰዓዳ ራህማን ከነብርድ ልብሷ አቅፋ ፊት ለፊት ያለው ክፍል ወስዳ አስቀመጠቻትና በረንዳው ላይ ወጣች። እጀታውን ወደ ታች አወረደችው። መጋዙ እያቃሰተ ቆመ።

«ምን ሆነ?» የሚል የሰይፈዲን ድምፅ ከጓሮ ተሰማ።

አንደኛውን ሸክላ ነቀለችው። ያቺ እንደ ፀጉር የቀጠነችው ሽቦ የለችም። በእሷ ቦታ ሚስማር ገብቷል። ሁለተኛውን ነቀለችው። እሱም ሚስማር ነው።

መጀመሪያ የተሰማት ብርድ ነበር። ንዴቱ የመጣው በኋላ ነው፤ ሲመጣ ግን ከእግሯ ጥፍር ተነስቶ ጆሮዋ ድረስ ወጣ። አንድ ሳምንት ሙሉ ደስ ብሏት ስትተኩስ የከረመችው በዚህ ነው። የእሷም ካውያ በልጇ ራስጌ ያንን ሽቦ ሲያግል ከርሟል። ወደ መኝታ ቤት ተመልሳ ተንበረከከችና የገዛችውን ሽቦ ፍለጋ እጇን ከአልጋው ሥር ሰደደች። የሲሚንቶውን ወረቀት አገኘችው። ወረቀት ብቻ ነው።

ሁለቱን ሸክላዎች በመሐረብ ቋጥራ ደረቷ ውስጥ ከተተቻቸውና ወደ ጓሮ ሄደች። ሰይፈዲን ከሁለት ሠራተኞቹ ጋር መጋዙን ከቦ ቆሟል።

«መብራት ሄደ መሰለኝ» አላት።

«መብራቱ አልሄደም። እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ሽቦዬ የት አለ?»

«የቱ ሽቦ?»

«ከአልጋው ሥር የነበረው። አርባ ሜትሩ።»

ሰይፈዲን ሠራተኞቹን ቀና ብሎ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ለዱባለ አውሼው ነው። ቡና ቤቱን ሲከፍት አምፖል የሚሰቅልበት አጥቶ፣ ለሦስት ቀን ብሎ... ይመልሰዋል።»

«መቼ ነው ያዋስከው?»

«ግንቦት ላይ።»

ዱባለ የሰይፈዲን የልጅነት ጓደኛ ነው፤ ከማዞሪያው አጠገብ መጠጥ የሚሸጥበት ቡና ቤት ከከፈተ ሁለት ወር አልፎታል። በር ላይ ቀይና አረንጓዴ አምፖሎች እንደ ዶቃ ተሰክተው ሲበሩ ሰዓዳም በዚያ ስታልፍ አይታለች። በራሷ ሽቦ መሆኑን ግን አላወቀችም።

«ልጄ የምትተኛበት ግድግዳ ግሏል» አለችው። «ሚስማር አስገብተህበት ግሏል። አስተካከልኩት ያልከኝ ይሄንን ነው?»

«ለጥቂት ቀን ነው፣ ሰዓዳ። ሥራው እስኪያልቅ። እስከ ቅዳሜ ብቻ። አሁን መልሺው።»

«አልመልስም።»

«ሻምበሉ ቅዳሜ...»

«ሰማሁ። አዲስ መስመር እስኪዘረጋ ድረስ እዚህ ቤት ውስጥ ምንም አይበራም። አምፖልም ቢሆን።»

ሰይፈዲን ወደ በረንዳው ተራመደ። ባዶውን ጣውላ አይቶ ተመለሰ። «ፊውዞቹ የት አሉ?»

ሰዓዳ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። «እዚህ አሉ። ሰው ፊት ከቻልክ ውሰዳቸው።»

ሁለቱ ሠራተኞች እንጨት የሚመርጡ መስለው ፊታቸውን አዞሩ። ሰይፈዲን ጥርሱን ነክሶ ቆመ። ከዚያ የእጅ መጋዙን ከግድግዳ አወረደና ጀርባውን ሰጣት።

እሷም ነጠላዋን ደርባ፣ ጃንጥላዋን ይዛ፣ ራህማን ጎረቤቷ እትዬ ዋጋነሽ ዘንድ አስቀምጣ በቀጥታ ዱባለ ቡና ቤት ሄደች። በሕይወቷ መጠጥ ቤት ደጃፍ ረግጣ አታውቅም። ጠዋት ስለሆነ ውስጡ ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው ያሉት፤ ሲያዩዋት ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። ዱባለ ከባንኮኒው ኋላ ብርጭቆ ያጥባል።

«ሰዓዳ፣ በሰላም ነው?» አለ ደንግጦ።

«ሽቦዬን ስጠኝ።»

ዱባለ ሳቀ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሁሉን ነገር በሳቅ ማሳለፍ የለመደ ሰው ነው። «ለሽቦ ብለሽ ነው በዚህ ዝናብ የመጣሽው? ለሰይፈዲን አልነገርኩትም እንዴ፣ ሌላ ስገዛ እመልስለታለሁ ብዬ...»

«የሰይፈዲን አይደለም። የእኔ ነው። አውርደው።»

«አሁን እኮ ተቆራርጧል። በየአምፖሉ ቆርጠን ነው የቀጠልነው። አየሽ...» ወደ በሩ አመለከተ።

ሰዓዳ ወጥታ ቀና ብላ አየችው። አርባ ሜትሩ በክንድና በክንድ ተኩል እየተበጣጠሰ፣ በየመሐሉ አምፖል ተንጠልጥሎበት፣ በጨርቅ እየተቋጠረ ከበሩ እስከ ዛፉ፣ ከዛፉ እስከ ምሰሶው ተዘርግቷል። ዝናብ ያንጠባጥባል። ስንት አንሶላ፣ ስንት የጠረጴዛ ልብስ፣ ስንት ቀን በእግሯ ቆማ እንደሆነ አሰበች። ዱባለ ከኋላዋ ሆኖ «ቆንጆ አይደለም?» አለ፣ ነገሩን ለማቅለል።

ዘወር ብላ አየችው። «አንተ ልጅ የለህም» አለችው። «ቢኖርህ እግዜር ይጠብቅልህ ነበር የምልህ። ዛሬ ግን እሱንም ልልህ አልቻልኩም።» ጃንጥላዋን እንኳ ሳትዘረጋ ሄደች። ዱባለ ለምን እንዲህ እንዳለችው የገባው ከብዙ ቀን በኋላ ነው።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ጋሽ መኳንንት ከፋብሪካ ሲወጡ መንገድ ላይ ጠብቃ አመጣቻቸው። ግድግዳውን በመዳፋቸው ዳበሱና ቢላዋ ጠየቁ። ከልጅቱ ትራስ በላይ፣ ሁለት ስንዝር ያህል ምርጊቱን ፈለፈሉት። ከውስጥ የወጣው ሽቦ የጎማ ልብሱ ቀልጦ መዳቡ ይታያል። በዙሪያው ያለው የጭቃው ጭድ ጠቁሯል።

ጋሽ መኳንንት ቢላዋውን አስቀመጡ። «ይህን ያደረገው ማን ነው?» አሉ።

«አባቷ» አለች ሰዓዳ።

«በጭቃው ውስጥ ሆኖ ነው ያልነደደው። አየር አላገኘም። ኮርኒሱ ጋ ቢደርስ አቡጀዲ ነው፣ ከላይ ደግሞ እንጨት ነው...» አልጨረሱትም። ከጓሮ የእጅ መጋዝ ድምፅ ይሰማል። «ዱባለ ዘንድ ያለውን ሽቦ ተይው። ተቆራርጦ የተቀጠለ ሽቦ ለእንዲህ ያለ ሥራ አይሆንም፤ በየቋጠሮው ይግላል። አዲስ አምጡ፣ በነጻ እዘረጋላችኋለሁ። እስከዚያ ግን ይሄ እንዳይነካ።»

«ማንም አይነካውም» አለች።

ሰዓዳ የጠቆረውን ጭድ ከነጭቃው በሳህን አስቀመጠችው።

ሐሙስና ዓርብ ቤቱ ያለ መብራት ዋለ። ሰይፈዲን አላናገራትም፣ እሷም አላናገረችውም። ራህማ የምትተኛው ከእናቷ ጋር ፊት ለፊት ባለው ክፍል ምንጣፍ ላይ ነው። ሰዓዳ የከሰል ካውያዋን ከቆጥ አውርዳ የቤርጎውን ልብስ በሱ ተኮሰች። እጇ ሲደክም ንዴቷ ይበልጥ ይነሳል። አሥር ዓመት ያለፈችውን ነገር ሁሉ አንድ በአንድ ታወጣ ጀመር፤ ነቅላ የጠበቀችባቸውን ሰዓቶች፣ «ይለፍ» የተባሉትን በዓላት፣ ዝም ያለችባቸውን ቀኖች። ዝምታዋ ትዕግሥት ነው ብላ ታስብ ነበር። አሁን ግን ዝም ባትል ኖሮ ያ ሽቦ ታኅሣሥ ላይ ተዘርግቶ ነበር ብላ በራሷም ተናደደች።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ የሰይፈዲን አጎት ሀጂ ሀምዱ ከአንድ ሽማግሌ ጋር መጡ። ሰይፈዲን ነው የጠራቸው። ሰዓዳ ጫማቸውን ተቀብላ፣ ምንጣፍ አንጥፋ፣ ሻይ አቀረበች። ሰይፈዲን ጥግ ይዞ ተቀመጠ፤ መዳፉ የእጅ መጋዙ አቁስሎት በጨርቅ ተጠቅልሏል።

«ልጄ» አሉ ሀጂ ሀምዱ፣ «ባልና ሚስት ይጋጫል። ግን የባልን ሥራ መዝጋት፣ በሠራተኞቹ ፊት ማዋረድ፣ ከዚያም አልፎ መጠጥ ቤት ድረስ መሄድ... ይሄ ከአንቺ የሚጠበቅ አልነበረም። የሰውየው እንጀራ እኮ ነው የተዘጋው።»

«የእኔም ተዘግቷል፣ ሀጂ» አለች ሰዓዳ። «የእኔን ሥራ ማንም ሥራ ብሎ ስለማይጠራው ነው እንጂ።»

«እሱስ ልክ ነሽ። ግን ለአንድ ሽቦ...»

ሰዓዳ ተነሥታ ሳህኑን አመጣች። ምንም ሳትናገር ከጠቆረው ጭድ ቆንጥራ በሀጂ ሀምዱ መዳፍ ላይ አደረገች። እሳቸውም አዩት፣ ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት።

«ምንድነው ይሄ?»

«ከራህማ ትራስ በላይ የወጣ ነው። ይምጡና ቦታውን ያሳይዎት ሰይፈዲን።»

ሀጂ ሀምዱ በዝግታ ተነሥተው መኝታ ቤት ገቡ፤ ሰይፈዲን ተከተላቸው። የተፈለፈለውን ግድግዳና አጠገቡ ያለችውን ትንሽ አልጋ ቆመው አዩ። ሲመለሱ ፊታቸው ተለውጧል። «ልጅህ እዚያ ነው የምትተኛው?» አሉት። ሰይፈዲን ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ሀጂ ሀምዱ ጭዱን በጣታቸው አፍተለተሉት።

«እንግዲህ ፍርዱ ይሄ ነው» አሉ። «አንተ መስመሩን ታስዘረጋለህ፣ ሳይውል ሳያድር። አንቺ ደግሞ በሰው ፊት ስላዋረድሽው ይቅርታ ትጠይቂዋለሽ። በዚህ ይለቅ።»

ሌላው ሽማግሌ «ጥሩ ነው» አሉ።

ሰዓዳ አንገቷን ደፍታ ነበር። ቀና አለች። «ሀጂ፣ እርስዎ አባቴ ነዎት፣ ያሉኝን እምቢ ብዬ አላውቅም። መስመሩ ይዘርጋ። ይቅርታውን ግን አልጠይቅም።»

«ለሰላም ብለሽ እንኳ?»

«ያጠፋሁት ነገር ቢኖር እግሩ ላይ እወድቅ ነበር። ልጄን ከእሳት ላይ አነሳሁ። ለዚህ ይቅርታ ከጠየቅኩ ነገ ደግሞ ሌላ ሚስማር ይገባል።»

ሀጂ ሀምዱ ሻያቸውን ሳይጨርሱ ጫማቸውን ጠየቁ። በር ላይ ሲደርሱ ለሰይፈዲን ጆሮው ላይ የሆነ ነገር አሉት፤ ለሰዓዳ ግን አልተሰናበቷትም። እሷም ያ አሳዘናት። ቢሆንም ሐሳቧን አልለወጠችም።

ቅዳሜ ጠዋት ሻምበሉ ከነጭነት መኪናው መጣ። አልጋው አልቋል፤ ቁም ሳጥኑ በር የለውም። ሰዓዳ ከመጋረጃው ኋላ ሆና ትሰማለች። ሻምበሉ «ቃል አክብር ሲሉህ ቃል ምን እንደሆነ ታውቃለህ?» አለው። በሰው ፊት ውሸታም አለው፤ ሰነፍ አለው፤ የአባቱን ስም አንሥቶ ሰደበው። ሰይፈዲን «ይቅርታ፣ ጌታዬ» ብቻ ይላል፣ ደጋግሞ። ሰዓዳ ደስ ይለኛል ብላ አስባ ነበር። ደስ አላላትም። ሻምበሉም አናደዳት፣ ሻምበሉን «ጌታዬ» የሚለው ሰይፈዲንም አናደዳት፤ ሻምበሉን የፈራውን ግማሽ ለልጁ ቢፈራ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር። መኪናው አልጋውን ብቻ ጭኖ ሄደ።

ሰይፈዲን ገብቶ በሩ አጠገብ ያለው ዱካ ላይ ተቀመጠ። መዳፉን የጠቀለለበት ጨርቅ በደም ርሷል። ከሦስት ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ አናገራት።

«አንድ ነገር ልንገርሽ» አላት። «ባልነግርሽ ይሻል ነበር፣ ግን ሀጂ ትናንት በር ላይ የደበቅከው ነገር ካለ ንገራት አሉኝ። ግድግዳው እንደሚሞቅ አውቅ ነበር።»

ሰዓዳ ካውያውን አስቀመጠች።

«ሰኞ ዕለት ራህማ ነገረችኝ። እጄን አድርጌ አየሁት። እስከ ቅዳሜ ይቆያል ብዬ አሰብኩ። በየሰዓቱ እየመጣሁ እነካው ነበር። በጣም ሲግል መጋዙን አቆም ነበር።»

«ሰኞ?» አለች ሰዓዳ።

«ሰኞ።»

«ማክሰኞም እዚያው ተኛች?»

ሰዓዳ ትጮሃለች ብሎ ጠበቀ። አልጮኸችም። ከዚያ በፊት የተናደደችው በሰነፍና በቸልተኛ ሰው ነበር፤ ሳያውቅ ነው ብላ ለራሷ የምትነግረው ሰው። አሁን ያንን ሰው ወሰደባት። «ሂድና ሽቦ አምጣ» አለችው። «ሌላ የምልህ የለም።»

ሰይፈዲን ተነሥቶ በዝናቡ ወጣ። ከቀኑ አሥር ሰዓት በኋላ ከመርካቶ አንድ ጥቅል ሽቦ በትከሻው ተሸክሞ፣ ጋሽ መኳንንትንም አስከትሎ መጣ። ጋሽ መኳንንት ጥቅሉን አዩት። «ይሄ ለአንድ መስመር ይበቃል» አሉ። «ለሁለት አይሆንም። ለየትኛው ይሁን?»

«ለመጋዙ ነው» አለ ሰይፈዲን፣ ነገሩ ያለቀ ያህል። «ካውያው በሚቀጥለው ወር...»

«አይደለም» አለች ሰዓዳ ከበረንዳው። «ታኅሣሥ ላይ የገዛሁት ሽቦ የእኔ ነበር። ይሄ የሱ ምትክ ነው። ወደ እኔ ክፍል ይዘርጋ። የመጋዙን አንተ ራስህ ታመጣለህ።»

«ቁም ሳጥኑ አላለቀም እኮ። ሻምበሉ ሰው ልኮ ያስወስደዋል።»

«በእጅህ ጨርሰው።»

ጋሽ መኳንንት አንዴ እሱን አንዴ እሷን አዩ። ከዚያ መሰላሉን አንሥተው በእሷ ክፍል በኩል አቆሙት። ሰይፈዲን ጥቂት ቆሞ ቆየ። በመጨረሻ ጥቅሉን ከመሬት አንሥቶ መፍታት ጀመረ፤ መሰላሉ ሥር ሆኖ በቆሰለ እጁ ሽቦውን እየለቀቀ ያቀብላቸው ጀመር። ከቆጣሪው ተነስቶ፣ በጣሪያው ጠርዝ በሸክላ ድጋፎች ላይ ተንጠልጥሎ፣ በመስኮቱ አናት ወደ ውስጥ ገባ። ጋሽ መኳንንት በጣውላዋ ላይ ለብቻው አዲስ ፊውዝ ሰኩ። በግድግዳው ውስጥ ያለውን አሮጌ መስመር ከሥሩ ቆርጠው ጣሉት። ለአምፖሎቹ በተረፈው ሽቦ ላይ የራሳቸውን ቀጭን ሽቦ ጨምረው ሳሎኑንና መኝታ ቤቱን በውጭ በኩል አገናኙ። ከሥራ ቤቱ ጋር የተገናኘ ነገር አልነበረም።

ሰዓዳ መሐረቧን ፈታ ሁለቱን ሸክላዎች ሰጠቻቸው። ሚስማሮቹን አውጥተው ወደ ጭቃው ወረወሯቸውና ቀጭኗን ሽቦ አስገቡ። ጣውላዋን የሚሸፍን ትንሽ ሳጥን ሰይፈዲን በማግስቱ ሠራ፤ ቁልፉን ሳይጠየቅ ለእሷ ሰጣት።

ቁም ሳጥኑን በእጅ መጋዝ ለመጨረስ አሥራ አንድ ቀን ፈጀበት። የመጋዙ ሽቦ ነሐሴ አጋማሽ ላይ መጣ። ሰይፈዲን ከዚያ በኋላ ዱባለ ቡና ቤት አይታይም፤ ዱባለም አንድ ቀን ሳቁን ትቶ መጥቶ በር ላይ ቆሞ «አላወቅኩም ነበር፣ ሰዓዳ» ብሏታል፤ እሷም «አሁን ካወቅክ ይበቃል» ብላዋለች። ሀጂ ሀምዱ ግን እስከ መስከረም ድረስ ደጃፏን አልረገጡም።

መስከረም ላይ እትዬ ዋጋነሽ አጥሩ ጋ ቆመው አደይ አበባ ሲሰጧት ጠየቋት። «ሰዓዳ፣ ለመሆኑ ታረቃችሁ?»

«አብረን እንበላለን፣ እትዬ» አለች። «እንሠራለን፣ እንነጋገራለን። ልጁን ይወዳታል፣ አያለሁ። ግን ሰኞን አልረሳሁትም።»

«ልብሽ ይብረድ፣ ልጄ።»

«ሲበርድ ይበርዳል» አለች ሰዓዳ። አበባውን ተቀብላ ገባች። የቤርጎው ሰው አዲስ ጥቅል አምጥቶላት ነበር፤ ተቀምጣ አንሶላዎቹን ትለይ ጀመር።